ጋሽ ደበላን ያላየሁባቸው አምስት ቀናት

ከተመለስኩ ጀምሮ የሥራ ባልደረቦቼ «እስቲ ስለ ቆላው አውሪን» እያሉ አላስቀምጥ ብለውኛል። ግማሾቹ ከአዲስ አበባ ወዲያ ወርደው አያውቁም፣ ወደፊትም የሚወርዱ አይመስለኝም። ስለ ሐይቁ፣ ስለ ወፉ፣ ስለ ፍራፍሬው እንድነግራቸው ነው የሚጠብቁት። ሐይቅና ወፍ የሚፈልግ ሰው ግን ከእኔ ብዙም አያገኝም፣ ካሁኑ ልንገራችሁ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። የሄድኩት በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለሚሠሩ ወጣት ነርሶች፣ ሕመምተኛ እንደ ዕድሜው እንዴት እንደሚታይ ለማስተማር ነው። ጨቅላው እንደ ጨቅላ፣ ልጁ እንደ ልጅ፣ ሽማግሌው እንደ ሽማግሌ። በየከተማው አንድ አንድ ቀን። መኪናውን የሚነዱልኝ ሰው ጋሽ ደበላ ይባላሉ። ስንቱን ሕመምተኛ ከሩቅ የለየሁ ሴትዮ፣ አጠገቤ መሪ ይዘው የተቀመጡትን ሰውዬ ሳላይ ቀረሁ። ቀኑን በቀኑ የምጽፈውም የት የት ላይ እንዳመለጠኝ ለራሴም እንዲታየኝ ነው።

እሑድ

ጠዋት ከደብረ ብርሃን ስነሳ ሜዳው ላይ አመዳይ ጥሎ ነበር። ሁለት ሹራብ ደራርቤ፣ ከላዩ ጋቢ ለብሼ፣ እግሬን ሚኒባሱ ወለል ላይ እየደበደብኩ አዲስ አበባ ገባሁ። ከዚያ በፈጣኑ መንገድ ወደ አዳማ። ደብረ ዘይትን ስናልፍ አንዱን ሹራብ አወለቅኩ፣ ሞጆ ላይ ሁለተኛውን። አዳማ መናኸሪያ ስወርድ ሙቀቱ የዳቦ ቤት በር የተከፈተብኝ ያህል ፊቴን መታኝ። በስመ አብ! ሰው እዚህ እንዴት ይኖራል አልኩ። ሰዉ ግን ይኖራል፤ ባጃጁ ይጮሃል፣ ጋሪው ይሄዳል፣ ሐብሐብ ሻጩ ከጥላው ስር ሆኖ ይስቃል።

ጋሽ ደበላ ስሜን በካርቶን ላይ ጽፈው ቆመው ነበር። ረጅም፣ አጥንታቸው ሰፊ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ስድሳዎቹን ያለፉ ሰው ናቸው። ፈገግ ሲሉ ጥርሳቸው በልዟል። የዚያ አካባቢ ውሃ እንደዚያ እንደሚያደርግ አውቃለሁና አልገረመኝም። ይህንንስ በትክክል አውቄያለሁ፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሁሉ በዚያው ሚዛን መመዘኔ ነው።

የተያዘልኝ አልጋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሻንጣዬን እኔው ልያዝ ብል እምቢ አሉ። «እንግዳ ሻንጣ አይሸከምም፣ ሲስተር፤ ደግሞ ከደጋ መጥተው!» ብለው አነሱት። አንደኛው ፎቅ ላይ ቆም አሉና በመስኮቱ አሳዩኝ፤ «ያ እንግዲህ የወረዱበት መናኸሪያ ነው።» ሁለተኛው ላይም ቆሙ፤ «ይኼ ደግሞ ወደ ሶደሬ የሚወስደው መንገድ።» ሦስተኛው ላይ እጃቸውን የደረጃው ብረት ላይ አሳርፈው ዝም ብለው ወደ ውጭ ተመለከቱ። እኔም ጎን ለጎን ቆሜ ተመለከትኩ። እንዲያው ምን ዓይነት እንግዳ ተቀባይ ሰው ነው፣ የእኛ አገር ሰው ቢሆን በብርዱ ሻንጣዬን በር ላይ ጥሎ ይሮጥ ነበር፣ ብዬ አሰብኩ። ፎቅ በፎቅ ከተማ የሚያስጎበኝ ሰው አግኝቼ አላውቅም ብዬ ለእህቴ በስልክ ነግሬ ሁለታችንም ስቀናል።

የፔንሲዮኑ ባለቤት ገና ሳልቀመጥ በረዶ የገባበት ውሃና የተላጠ ፓፓያ ላከችልኝ። ጋቢዬን አይታ «ይኼን እዚህ የሚለብሰው ማነው? ስጪኝ፣ ለቁም ሳጥኑ እናልብሰው» አለች። ጥሩ ሴት ናት። ያን ምሽት ግን በላብ ተጠምቄ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

ሰኞ

ወደ ቆቃ። መንገዱ አጭር ነው። ግድቡ ያቆመው ውሃ ከሩቅ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ጋሽ ደበላ መኪናውን ጥላ ስር አቁመው፣ ወንበር ጎትተው፣ እኔ የማስተምርበት ክፍል መስኮት ሥር ተቀመጡ። ሹፌሮች ሲጠብቁ ይተኛሉ፤ እኚህ ግን አይተኙም፣ ያዳምጣሉ።

የዕለቱ ርዕስ ጨቅላ ሕፃናት ነበር። አንዲት እናት የአንድ ወር ልጇን ይዛ ገብታለች፤ «ጡት አልይዝ አለኝ» ነው የምትለው። ወጣቱ ነርስ የልጁን ትንፋሽ ለአሥራ አምስት ሰከንድ ቆጠረና በአራት አባዛው። «ተው» አልኩት። «ትልቅ ሰው ላይ ያስኬድሃል፤ ጨቅላ ላይ ግን አያስኬድህም። የጨቅላ ትንፋሽ ይሮጥና ይቆማል፣ እንደገና ይሮጣል። ልብሱን ገልጠህ፣ ሆዱን እያየህ፣ ሙሉ ደቂቃ ቁጠር።» ሙሉ ደቂቃ ሲቆጠር ልጁ ከሚገባው በላይ ይተነፍስ ነበር። ደረቱም በየትንፋሹ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ ይገባል። የሳንባ ምች ነው።

ወደ አዳማ መላክ ነበረበት። መኪና የእኛው ነው፤ ጋሽ ደበላ «ግቡ፣ ግቡ» ብለው አስነሱ። እኔ ከእናትየው ጋር ከኋላ ሆኜ እስከምንደርስ ድረስ የልጁን ትንፋሽ ስቆጥር ነበር። ከፊቴ፣ ከወንበሩ ማዶ፣ የጋሽ ደበላ ትከሻ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይል እንደነበር አሁን አስታውሳለሁ። ያኔ ግን ማን ልብ ብሎ! ልጁን ሆስፒታል አስረክበን ስንመለስ «ሲስተር፣ ገና ስታይው አወቅሽው እኮ» አሉኝ። ከእርስዎ ወደ አንቺ የተሸጋገሩት እዚያች ላይ ነው፤ ደስ አለኝ። ኩራቴንም አልደብቅም፣ ቀኑን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ቆቃ ስንመለስ ምሳ ዓሣ ነበር። እኔ ወፍራም ሥጋ እንጂ ዓሣ ያልለመድኩ የደጋ ሰው፣ እያወራሁ ስበላ እሾህ ጉሮሮዬ ላይ ተሰካ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። የምግብ ቤቱ ሴትዮ ሮጣ መጥታ ደረቅ ዳቦ በእጇ አጎረሰችኝ፤ «ሳታላምጪ ዋጪው!» እያለች ጀርባዬን ትመታኛለች። ዋጥኩት፣ ወረደ። ሠልጣኞቼ በሳቅ ሞቱ። «ነርሷን ያዳናት ማን ነው? ዓሣ ሻጯ!» ይሉኛል።

ጋሽ ደበላ አብረውን ተቀምጠዋል፣ ግን አልበሉም። «ጾም ጸሎት ይዣለሁ» አሉ። እሳቸው ጴንጤ ናቸው። የእነሱ ጾም እንደ እኛ ረቡዕ ዓርብ የተቆረጠ ቀን የለውም፤ ሰው ለእግዚአብሔር አንድ ጉዳይ ካለው ሰኞም ይሁን ማክሰኞ ይጾማል። ስለዚህ አልጠየቅኩም። የሰው ጾም አይጠየቅም፣ ነውር ነው። የጀመሩለት ጉዳይ ምን እንደሆነ እንኳ ማወቅ አልፈለግኩም።

ማክሰኞ

ቆቃ አድረን ወደ መቂ ስንሄድ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ዙሪያው የቲማቲምና የሽንኩርት ማሳ ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጋሽ ደበላ ክሪኩን አወጡ፣ መኪናውን ትንሽ ከፍ አደረጉ፣ ከዚያ መፍቻውን ይዘው አንዱን ብሎን ታገሉት። አልተፈታም። መፍቻውን መሬት ላይ አስቀምጠው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። «ይኼ ብሎን ዛገ እኮ» አሉ። ፊታቸው ላብ በላብ ነው። እኔም በላብ ተነክሬ ነበርና «አይ ይኼ ቆላ፣ ሰው ይገድላል» አልኩ።

ከማሳው ሦስት ገበሬዎች መጡ። ጋሽ ደበላ በኦሮምኛ ሰላምታ ሲለዋወጡ ጎማው ተቀየረ። አንዱ ያንኑ ብሎን በአንድ እጁ ነው የፈታው። እኔም አየሁ፤ ወጣት ስለሆነ ነው አልኩ። ከዚያ ለምነው ጥላ ስር አስቀመጡን፣ ቲማቲም አጥበው በጨው ሰጡን፣ አልፎም ግማሽ ኬሻ ሽንኩርት መኪናው ላይ ጫኑልን። «ኧረ በቃ!» ብል ማን ይሰማኛል። ደብረ ብርሃን ድረስ ይዤው የመጣሁት ሽንኩርት ያ ነው፤ የበላችሁት ታውቃላችሁ።

እዚያ ጥላ ስር ነው የጋሽ ደበላን እግር ያየሁት። እሑድ ዕለት የቆዳ ጫማ ነበር ያደረጉት፤ አሁን ነጠላ ጫማ። ማሰሪያው ሥጋቸው ውስጥ ገብቶ ምልክት አውጥቷል። «ጫማውን ተዉት?» አልኳቸው። «ጠበበኝ» አሉ። «ሙቀት እግር ያሳብጣል፣ የእኔም ቀለበት አልወልቅ ብሏል» አልኳቸውና ጣቴን አሳየኋቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። ነርስ ተናግራለች፣ ሌላ ምን ይበሉ።

መቂ ላይ የዕለቱ ርዕስ ልጆች ነበሩ። አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ነጭ ጋወን ስታይ ጩኸቷን ለቀቀችው። ጋወኔን አውልቄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ መጀመሪያ የእናቷን ሆድ አዳመጥኩ፣ ከዚያ የልጅቷን ጫማ፤ ያኔ ሳቀችና ራሷ ልብሷን ገለጠችልኝ። ለሠልጣኞቹ እንዲህ አልኳቸው፤ «ልጅ ከነካችሁት ያለቅሳል፣ ካለቀሰ ደግሞ ምንም አታውቁም። ስለዚህ ከበር ጀምራችሁ እዩት። ሲገባ እንዴት ተራመደ? ምን ያዘ? ማንን ተደገፈ? ግማሹ ምርመራ ሳትነኩት ያልቃል።»

ስወጣ ጋሽ ደበላ ከመስኮቱ ሥር ተነሱ። «ያ ከበር ጀምሮ ማየት ያልሽው ደስ ይላል። እኔም መኪና ገና ከሩቅ ሲመጣ በድምፁ ምኑ እንደታመመ አውቃለሁ» አሉ። ከዚያ ፊት ለፊቴ ቆመው ትንሽ ጠበቁ። አሁን ሳስበው፣ እንዳያቸው ነው። እኔ ሰዓቴን አየሁና «እንሂድ፣ ሳይመሽ ባቱ እንግባ» አልኩ።

ረቡዕ

ከባቱ በጠዋት ተነስተን ቡልቡላ ገባን። መሬቱ ሜዳ ነው፣ ግራር ብቻ፣ አቧራው ዓይን ያጠፋል። በእኛ አገር ጭቃ እናማርራለን፤ ጭቃ ቢያንስ መሬት ላይ ይቀመጣል።

ርዕሱ ጎልማሶች ነበሩ። አንዲት ነፍሰ ጡር ወጣት ከአማቷ ጋር መጣች። ሠልጣኟ ነርስ በጠየቀች ቁጥር አማቲቱ ትመልሳለች፤ ራስ ምታት የላትም፣ ትበላለች፣ ደህና ናት። አማቲቱን በዘዴ «እስቲ ካርዷን ያምጡልን» ብዬ ላክኋትና ልጅቷን ብቻዋን ጠየቅኳት። ራሷን ያማታል፣ ዓይኗ ይብለጨለጭባታል፣ እግሯ አብጧል። የደም ግፊቷ ሲለካ ወጣቶቹ ተያዩ። «ባለቤቱን ጠይቁ፤ ሌላ ሰው ስለሌላው ሰው የሚነግራችሁን አትቀበሉ» አልኳቸው። የልጅቷን እግር በአውራ ጣቴ ተጭኜ ጉድጓዱ እስኪመለስ አብረን ቆጠርን። የእኔ ነገር! በዚያች ሰዓት ከመስኮቱ ሥር ሌላ ያበጠ እግር አልነበረም ወይ?

ማደሪያ ችግር ሆነ። የነበረው አልጋ ቤት ውሃ ከሄደበት ቆይቷል። ከሠልጣኞቹ አንዱ «እናቴ ቤት ኑ» አለ። እናቱ አዴ ፋጡማ ይባላሉ፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። አንድም ነገር ሳይጠይቁ የራሳቸውን አልጋ ለቀቁልኝ። ወተትና የበቆሎ ቂጣ አቀረቡ። ጋሽ ደበላ ቂጣውን ቆርሰው ይዘውት ቆዩና መልሰው አስቀመጡት። «ጾም ጸሎት ነው» ብዬ እኔው መለስኩላቸው። ቅድም «ባለቤቱን ጠይቁ» ያልኳቸው ነርሶች ቢሰሙኝ ይስቁብኝ ነበር።

አዴ ፋጡማ ለእሳቸውም ፍራሽ አነጠፉ። ጋሽ ደበላ ግን «መኪናው ውስጥ አድራለሁ» አሉ። ሹፌር መኪናውን አይለይም፣ የታወቀ ነው። ደህና እደሩ ተባብለን ተኛሁ፤ ከእሑድ ወዲህ ጥሩ እንቅልፍ የተኛሁት ያን ቀን ነው።

ሐሙስ

ጠዋት ፊቴን ስታጠብ አዴ ፋጡማ ውሃ እያፈሰሱልኝ «አካም ቡልቴ?» አሉኝ፣ እንዴት አደርሽ ማለት ነው። በአራት ቀን ውስጥ የተማርኳትን «ነጋ»፣ ሰላም ነው ማለት ነው፣ ብዬ መለስኩ። ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ጠፋና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሹፌርሽ ታሟል?»

«ኧረ ደህና ናቸው። ምነው?»

«ለሶላት ስነሳ አየሁት። ተቀምጦ ነው ያደረው፣ ወንበሩን ሳይዘረጋ። መሪውን ተደግፎ ይተነፍሳል። እግሩም አብጧል።»

«መኪናውን ሲጠብቁ ነው፣ አዴ። እግሩ ደግሞ የቆላው ሙቀት ነው፣ ሙቀት እግር ያሳብጣል» አልኳቸው፤ ለሴትዮዋ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያ ሙቀት ውስጥ ለኖሩት!

አዴ ፋጡማ ጆጉን አስቀመጡ። ቀሚሳቸውን ከቁርጭምጭሚታቸው ከፍ አድርገው እግራቸውን አሳዩኝ። ደረቅ፣ ቀጭን፣ አጥንቱ የሚቆጠር እግር። «እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አረጀሁ። እዪ» አሉኝ።

አፈርኩ። ግን ሻሸመኔ ሃያ ሰው እየጠበቀኝ ነው፣ ረፍዷል፣ ጋሽ ደበላም መኪናውን አስነስተው «እሺ ሲስተር፣ እንሂድ?» ይሉኛል። ሻሸመኔ ስንደርስ አያቸዋለሁ ብዬ ገባሁ። በመንገድ ላይ ደጋግሜ በጎን አየኋቸው። እሳቸው መንገዱን ብቻ ነው የሚያዩት፤ ከንፈራቸው ጠቆር ብሏል። አርሲ ነገሌን ስናልፍ አየሩ ቀዝቀዝ አለ፣ ሙቀቱ ቀረ፣ እኔ ሹራቤን አወጣሁ። የጋሽ ደበላ ግንባር ግን አሁንም ላብ ነበር። ሙቀት የሌለበት ላብ። ለዚያኛው ሰበብ አጣሁለት።

ሻሸመኔ ጭነት መኪናው፣ ጋሪው፣ ድንች የጫነው አህያ ሁሉ አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ የሚገናኙባት ከተማ ናት። ዘግይተን ገባን፤ ሠልጣኞቹ ተቀምጠው ነበር። «አምስት ደቂቃ ስጡኝ፣ መጀመሪያ አንድ ሰው ልይ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ጠመኔ አነሳሁ።

የዕለቱ ርዕስ አረጋውያን ነበር።

«የሽማግሌ በሽታ አይጮህም» ብዬ ጀመርኩ። ሃያ ሦስት ዓመት የማውቀውን ነው የምናገረው፤ አፌ ራሱ ያውቀዋል። «ሲተኛ በስንት ትራስ እንደሚተኛ ጠይቁ። ተቀምጦ የሚያድር ከሆነ ልቡን ጠርጥሩ። ደረጃ ሲወጣ ስንት ጊዜ እንደሚቆም ጠይቁ፤ ሰበብ እየፈጠረ ይቆማልና ሰበቡን አትመኑት። ምግብ ትቶ እንደሆን ጠይቁ። ጫማው...»

እዚህ ላይ ቆምኩ። ጠመኔው እጄ ላይ ቀረ። መስኮቱን አየሁ፤ ከሥሩ ወንበርም ጋሽ ደበላም የሉም። ሦስት ቀን ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጠው ሲያዳምጡ የነበሩት ሰውዬ ዛሬ ከመኪናው መውረድ አልቻሉም።

ሮጥኩ። ሠልጣኞቹ ምን እንደነካኝ ግራ ገብቷቸው ተከተሉኝ። ጋሽ ደበላ መሪው ላይ ክንዳቸውን አስደግፈው ተቀምጠዋል። መሬት ላይ ተንበርክኬ ሱሪያቸውን ከፍ አደረግኩና በአውራ ጣቴ ቅልጥማቸውን ተጫንኩት። ጣቴ ሰመጠ። ሳነሳው ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ፣ አልመለስ አለ። ሙሉ ደቂቃ ትንፋሻቸውን ቆጠርኩ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም።

«ጋሽ ደበላ፣ ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ። ተቆጥቼ ነው የጠየቅኳቸው፣ ይቅር ይበለኝ።

በየቃሉ መሐል እየተነፈሱ መለሱልኝ። «ምን ልንገርሽ? ከእሑድ ጀምሮ... እያየሽኝ አይደል እንዴ? ያንን ሕፃን... ገና ስታይው አወቅሽ። እኔን ደግሞ... በየቀኑ ታይኛለሽ። ዝም ስትዪ... ደህና ነኝ ማለት ነው ብዬ ነው።»

ወደ ሆስፒታል ይዘናቸው በረርን። ካርድ ክፍሉ ላይ ዕድሜያቸውን ጠየቁኝ፣ አላውቀውም። የአባታቸውን ስም ጠየቁኝ፣ እሱንም አላውቀውም። ኦክስጅን ተደረገላቸው፣ ሰውነታቸው የቋጠረውን ውሃ የሚያሸና መርፌ ተሰጣቸው። ወጣቱ ሐኪም ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። እሑድ ሦስት ፎቅ ሲወጡ ሦስቴ እንደቆሙ፤ ሰኞ ምግብ እንደተዉ፣ ትከሻቸው በየትንፋሹ ይነሳ እንደነበር፤ ማክሰኞ ብሎን መፍታት እንዳቃታቸውና ጫማቸው እንደጠበባቸው፤ ረቡዕ ተቀምጠው እንዳደሩ፤ ዛሬ በቀዝቃዛ አየር ላብ እንዳላባቸው። አንድም አላስቀረሁም። ሁሉንም አይቼዋለሁ ለካ! አይቼ ለእያንዳንዱ የአገሩን አየር፣ የአገሩን ልማድ፣ የሹፌር ጠባይ እየለጠፍኩ አሳልፌዋለሁ።

ሐኪሙ ጽፎ ጨረሰና ቀና አለ። «በጣም የተሟላ ታሪክ ነው። እንዲህ አድርጎ የሚነግረን ቤተሰብ የለም። ልጃቸው ነዎት?»

«አይደለሁም። ነርስ ነኝ» አልኩት።

እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወደ ሕመምተኛው ዞረ።

ዓርብ

ልጃቸው ሌንሳ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከአዳማ ደረሰች። አስተማሪ ናት፣ የአባቷ ዓይነት ሰፊ ትከሻ ያላት። አባቷን አቅፋ ተቀመጠች፤ ትንሽ ተነጋገሩ፤ ጋሽ ደበላ ትንሽ ሾርባ ቀምሰው ነበር። ዓርብ ረፋዱ ላይ ልባቸው ቆመ። ሐኪሞቹ ደረታቸውን ሲጫኑ እኔም ተራ ገብቼ ተጫንኩ። አልተመለሱም።

የሻሸመኔ ሠልጣኞቼ ያን ቀን ያደረጉልኝን አልረሳውም። አንዷ ቤቷ ወስዳ ልብሴን አስቀየረችኝ፣ ሁለቱ ሣጥን ፍለጋ ዞሩ፣ የጋሽ ደበላ ቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ሚኒባስ አዘጋጅተው ጠበቁን። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ አዳማ ተነሳን። ሣጥኑ ከኋላ፣ እኔና ሌንሳ ከፊቱ ወንበር። ያው መንገድ ነው፣ ያው ከተሞች፤ አርሲ ነገሌ፣ ቡልቡላ፣ ባቱ። ሙቀቱም ያው ነበር። መቂ ልንደርስ ስንል ሌንሳ እጄን ያዘችኝ።

«ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። አባዬ ብቻውን አልነበረም፤ እኔን የሚያጽናናኝ እሱ ነው» አለችኝ።

እጄን ሳትለቅ ቀጠለች።

«ሰኞ ስደውልለት ድምፁ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። አላስችል ብሎኝ 'ነገ አስፈቅጄ እመጣለሁ፣ ሐኪም ቤት እወስድሃለሁ' አልኩት። 'አትልፊ፣ ነርስ እኮ አጠገቤ ናት፣ ቀኑን ሙሉ ታየኛለች' አለኝ። እኔም እፎይ ብዬ ቀረሁ።»

አሜን ብል ያልፍ ነበር። ልቅሶ ላይ የሚጠበቀውም እሱ ነው፤ ሐዘንተኛ ሲያመሰግን አሜን ይባላል፣ ነገር አይቆፈርም። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ያቺ ልጅ ዕድሜ ልኳን ለእኔ ስትጸልይልኝ ታየኝና ጨነቀኝ።

«ሌንሳ፣ እኔ አባትሽን አላየኋቸውም» አልኳት።

«እንዴት?»

«ሕመማቸውን። ፊቴ ነበር፣ አላየሁትም።»

ሌንሳ ዞር ብላ ፊቴን አየችኝ። የተናገርኩት የገባት አልመሰለኝም፤ ወይም ገብቷት ሌላ ትርጉም እንዲኖረው ፈልጋለች።

«አምስት ቀን አብራችሁ አልነበራችሁም እንዴ?» አለችኝ።

«አብረን ነበርን» አልኳት።